ልጄ የክብደት ክትትል ላይ ናት፣ ኪሎዋ ሳይቀንስ «የኑሮ ጥራት» ነጥቧ ጨምሯል አሉኝ፣ ይሄን እንዴት ልየው? (ደሴ)

ኡሙ_ሀያት (ደሴ፣ ሆጤ)፦

ሰላም ጀማዓ እንዴት ናችሁ። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፣ መጀመሪያ ለጉልበቷ ህመም ነበር ክሊኒክ የወሰድኳት፣ ከዛ ዶክተሩ አንገቷ ላይ ያለውን ጥቁረት አይቶ ስኳር አስመረመራት፣ አልሐምዱሊላህ ስኳር የለባትም ግን ክብደቷ ክትትል ይፈልጋል ተባለና ጀመርን።

አሁን ጥያቄዬ፣ ክትትሉ ሲጀመር አንድ መጠይቅ ሰጡን፣ ለሷ ለብቻ ለኔ ለብቻ። 23 ጥያቄ ነው። ባለፈው አንድ ወር መሮጥ አስቸግሮሻል ወይ፣ ሰውነትሽን ያምሻል ወይ፣ ልጆች ያሾፉብሻል ወይ፣ ያስፈራሻል ወይ፣ ክፍል ውስጥ ትኩረት ማድረግ ይከብድሻል ወይ እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል፣ መልሱ «በጭራሽ» ከሚለው እስከ «ሁልጊዜ ማለት ይቻላል» ድረስ ነው። አሁን በስድስተኛው ወር ደግመው አስሞሉን። የሷ ከ52.2 ወደ 63 ከፍ ብሏል፣ የኔ ደግሞ ከ48.9 ወደ 56.5። ኪሎዋ ግን ያው 61 ነው፣ ግራም አልቀነሰችም። ቁመቷ ከ145 ወደ 147 ሆኗል።

ሲስተሯ ጥሩ ነው ብላ ደስ ብሏት ነገረችኝ። ቤት ስገባ ባለቤቴ «ሚዛኑ ካልቀነሰ ነጥቡ ምን ያደርግልናል» አለ። አማቴ ደግሞ መጀመሪያውንም «ልጅቱን አታክሱብኝ» የምትል ናት። እና ሌላው ያልገባኝ የኔና የሷ መልስ ለምን ተለያየ? ጓደኛን በሚመለከተው ክፍል እኔ 65 ሰጥቻለሁ እሷ 40። ቤታችን እኮ ልጅ ጠፍቶ አያውቅም፣ ሁሌ ጎረቤት ልጆች አሉ። የሚያውቅ ካለ በአላህ አስረዱኝ።

ሲስተር_ከኮምቦልቻ፦

አብሽሪ እህቴ። ህፃናት ክፍል ነው የምሰራው። መጀመሪያ የኪሎውን ነገር ላስረዳሽ ምክንያቱም ባለቤትሽ ያለውን ብዙ አባት ይለዋል። ልጅሽ እያደገች ነው፣ ትልቅ ሰው አይደለችም። ቁመቷ ጨምሮ ኪሎዋ ባለበት ከቆመ ቢኤምአይዋ (ኪሎ ከቁመት አንፃር የሚታይበት ቁጥር) ወርዷል ማለት ነው፣ ባልሽው ቁጥር ሳሰላው ከ29 ወደ 28.2 ገደማ ነው። ለልጅ ደግሞ 25 እና 30 የሚባለው የትልቅ ሰው መለኪያ አይሰራም፣ በዕድሜና በፆታ የተሰራ ሰንጠረዥ አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 19 ዓመት ያሉትን ከመካከለኛው በ2 ኤስዲ (ከመካከለኛው ምን ያህል እንደራቁ የሚለካበት ደረጃ) በላይ ሲሆኑ ነው ከልክ ያለፈ ውፍረት የሚለው፣ ከ1 በላይ ከሆነ ደግሞ የክብደት መብዛት። ስለዚህ ሚዛኑ አልቀነሰም ማለት ለውጥ የለም ማለት አይደለም።

ግን ከዚህ በላይ ልነግርሽ የምፈልገው ሌላ ነው። ያን መጠይቅ የምናስሞላው ለወረቀት ብለን አይደለም። ህክምናው ራሱ ልጅ ሊጎዳ ይችላል። እውነቴን ነው። ኪሎ ቀነሰ ብለን ስናጨበጭብ ቤት ውስጥ በየማዕዱ «በቃሽ» እየተባለች፣ ወንድሟ እየተጎራረሰ እሷ እየታየች፣ ተደብቃ እየበላች ሊሆን ይችላል። ሚዛን ይሄን አያሳይም። ሚዛኑ ወርዶ የኑሮ ጥራት ነጥቡ አብሮ የሚወርድ ልጅ ካለ እኔ በጣም ነው የምደነግጠው። ያንቺ ልጅ ነጥቧ የጨመረው ኪሎዋ ሳይወርድ ነው፣ እየተሻላት ነው ማለት ነው፣ እንዲህ የሚሆን ልጅ ክትትሉን ለመቀጠል ይቀለዋል፣ ከቀጠለ ደግሞ ሌላውም ቀስ እያለ ሊመጣ ይችላል።

ጦሳ_ግርጌ፦

የህብረተሰብ ጤና ማስተርስ እየተማርኩ ነው፣ መጠይቁ ከገለፃሽ ፔድስኪውኤል የሚባለው ይመስለኛል። ጄምስ ቫርኒ የሚባል አሜሪካዊ ያዘጋጀው ነው፣ አራት ክፍል አለው፣ አካል 8 ጥያቄ፣ ስሜት 5፣ ማህበራዊ 5፣ ትምህርት ቤት 5፣ ድምሩ 23። አሰራሩ ቀላል ነው፣ «በጭራሽ» 100 ይሰጠዋል ከዛ 75፣ 50፣ 25፣ «ሁልጊዜ ማለት ይቻላል» ደግሞ 0፣ ከዛ አማካይ ነው። ነጥቡ ከፍ ሲል ጥሩ ነው።

ኡሙ ሀያት የየክፍሉን ነጥብ ብትፅፊልን ጥሩ ነበር፣ ምክንያቱም ድምሩ ብቻውን ብዙ ነገር ይደብቃል።

ኡሙ_ሀያት (ደሴ፣ ሆጤ)፦

ወረቀቱን ፎቶ አንስቼዋለሁ። የሷ አካል ከ46.9 ወደ 68.75፣ ስሜት ከ60 ወደ 70፣ ማህበራዊ ከ35 ወደ 40፣ ትምህርት ቤት 70 ነበር አሁንም 70።

ጦሳ_ግርጌ፦

በቃ ታሪኩ እዚህ ላይ አለልሽ። ድምሩ ወደ 11 ነጥብ ጨምሯል፣ የመጠይቁ ባለቤቶች ራሳቸው ልጁ በሚሞላው ቅፅ ላይ ከ4.4 ነጥብ በላይ የሆነ ልዩነት ትርጉም ያለው ለውጥ ነው ይላሉ (በወላጅ ቅፅ 4.5)፣ ስለዚህ እውነተኛ መሻሻል ነው፣ ሲስተሯ ደስ ቢላት አይገርምም። ግን ጭማሪው በአብዛኛው ከአካል ነው የመጣው፣ ትሮጣለች፣ ጉልበቷ ቀለል ብሏታል፣ ድካሙ ቀንሷል። ማህበራዊው ግን 35 የነበረው 40 ሆነ ማለት ከአምስቱ ጥያቄ አንዷ ላይ መልሷ በአንድ ደረጃ ብቻ ተነቃንቋል ማለት ነው፣ ይሄን ለውጥ ብዬ አልጠራውም። ልጅሽ ደረጃ መውጣት ቻለች፣ ልጆቹ ግን ዛሬም እያሾፉባት ነው።

የናንተ መልስ ስለመለያየቱ፣ ይሄ የተለመደ ነው አትደንግጪ። በብዙ ጥናት ላይ ወላጆች ወፍራም ልጃቸውን በተመለከተ ልጁ ከሚሰጠው ያነሰ ነጥብ ነው የሚሰጡት፣ ያንቺም ድምር ከሷ ያንሳል። ግን በአንድ ክፍል ላይ ተገልብጦ ወላጅ ከፍ ሲያደርግ ልጅ ዝቅ ካደረገ ወላጅ የማያየው ቦታ ላይ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ቤት የሚመጡትን ልጆች ነው አንቺ የምታዪው፣ ክፍል ውስጥ ያሉትን አታዪም። ለዚህ ነው ሁለት ወረቀት የሚያስፈልገው፣ የእናት መልስ የልጅን መልስ አይተካም።

እውነቱን_ልናገር፦

ይቅርታ አድርጉልኝና በዚች ከተማ ስለ ልጅ ውፍረት ጥራት ምናምን ማውራት ትንሽ ይከብዳል። ሐይቅ አካባቢ ተፈናቃይ ካምፕ ያሉ ህፃናትን ሄዳችሁ እዩ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሀገሪቱ የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት 38 ከመቶው የቀነጨሩ ናቸው፣ ክብደት የበዛባቸው 1 ከመቶ። ለ1 ከመቶው ነው እንዴ ነርስ ወረቀት የምታስሞላው?

ሲስተር_ከኮምቦልቻ፦

ወንድሜ ቁጥርህ ልክ ነው፣ ቁጣህም ይገባኛል፣ እኔ ራሴ ጠዋት ጠዋት የምግብ እጥረት ለማየት ክንድ የምለካበት ቴፕ ኪሴ ውስጥ ነው የሚውለው። ቀይ ላይ የወደቀ ልጅ ሲመጣ ሁሉን ጥዬ እሱን ነው የማየው። ግን ያ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ነው ያየው፣ ገጠሩንም ከተማውንም ደምሮ። እዚህ የምናወራው የከተማ፣ የአስርና የአስራ ሁለት ዓመት ልጆችን ነው። በዓለም ደረጃ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት ክብደት የበዛባቸው በ1990 እ.ኤ.አ. 8 ከመቶ ነበሩ፣ በ2022 ወደ 20 ከመቶ ደርሷል፣ ይሄ የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥር ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ ያለውን ለስላሳና ችብስ አንተም ታየዋለህ። አንዱን ልጅ ለማከም ሌላውን ዝም ማለት የለብንም፣ ሁለቱም የኛ ልጆች ናቸው።

ሰኞ_ገበያ_ያደግኩ፦

እኔ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ፣ ልጅ ሆኜ በጣም ወፍራም ነበርኩ፣ አሁንም ቀጭን አይደለሁም። በልጅነቴ ክትትል ሲወስዱኝ ጫማ አውልቅ፣ ሚዛን ላይ ውጣ፣ ቁጥሩ ይነበባል፣ እናቴ ትቆጣለች፣ በቃ ይሄው ነው። ምን ሆነህ ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። ቢጠይቁኝ የምነግራቸው ነገር ነበረኝ ወላሂ።

ለምሳሌ መድረሳ መሬት ላይ ረጅም ሰዓት ቁጭ ስንል እግሬ ይደነዝዝና መነሳት ያቅተኛል፣ ሁሉም ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነበር የምነሳው፣ ኡስታዙ እኔ ለመቅራት የቀረሁ ይመስለውና ያመሰግነኝ ነበር። ባጃጅ ላይ ደግሞ ከኋላ ሶስት ሰው ነው አይደል፣ ሹፌሩ «አንተ የሁለት ሰው ትከፍላለህ» ይለኛል፣ እኔም ከፒያሳ በእግሬ ሽቅብ እየተነፈስኩ እወጣ ነበር። ለኢድ ልብስ ሊገዛልኝ ሙጋድ ስንሄድ የኔ ልክ የለም፣ የትልቅ ሰው ሱሪ ተገዝቶ ከታች ይቆረጥ ነበር፣ ታናሽ ወንድሜ ጂንስ ከነማርኩ ይለብሳል እኔ የአባት ሱሪ። ሰፈር ውስጥ ስሜ «ሲኖ» ነበር፣ መኪናውን ታውቁታላችሁ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሚዛኑ ላይ የሚታይ አንድም ነገር የለም። የዛን ጊዜ አንድ ሰው ያንን 23 ጥያቄ ቢያነብልኝ ኖሮ ሁሉንም እናገር ነበር። እህቴ ልጅሽ 40 ብላ የሞላችውን ነገር ጠይቂያት፣ ግን ቀስ ብለሽ፣ አባቷም አማትሽም በሌሉበት።

ጦሳ_ግርጌ፦

ወንድሜ የልብሱን ነገር ያነሳኸው ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ፔድስኪውኤል ስለ ልብስና ስለ መልክ አይጠይቅም፣ እሱ ለማንኛውም ልጅ ነው የተሰራው፣ ለአስም ታማሚውም ለጤነኛውም፣ ጥቅሙ ማወዳደር መቻሉ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ላይ በዚሁ መጠይቅ 106 በጣም ወፍራም ልጆችን አይተው የኑሮ ጥራታቸው ኬሞቴራፒ ላይ ካሉ የካንሰር ልጆች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል፣ ያን ጊዜ ብዙ ሰው ደንግጦ ነበር። (እነዛ ልጆች ወደ ሆስፒታል የተላኩ ከባዶቹ ናቸው፣ ወፍራም ልጅ ሁሉ እንደዛ ነው ማለት አይደለም።)

ለክብደት ብቻ የተሰሩ ሌሎች አሉ። አይደብሊውኮል ኪድስ የሚባለው ከ11 እስከ 19 ዓመት ላሉ ነው፣ 27 ጥያቄ፣ የሰውነት ምቾት፣ ስለ ራስ አካል ያለ ስሜት፣ ማህበራዊ ህይወት፣ የቤተሰብ ግንኙነት። ሳይዚንግ ሚ አፕ ደግሞ ከ5 እስከ 13 ላሉ፣ 22 ጥያቄ፣ የወላጁ አቻ ሳይዚንግ ዜም አፕ ይባላል። እነዚህ ትንሿን ለውጥ ቶሎ ይይዛሉ። ቢቻል አንድ ከዛ አንድ ከዚህ ነው ጥሩው፣ ግን ልጁን በወረቀት ማሰልቸትም አለ።

የቦርከና_ልጅ፦

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ የወንድ ልጅ አባት። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ልጄ ድሮ ደሴ ነበር የሚማረው አሁን ወደዚህ ዞረናል፣ ደሴ እያለ «መራመድ ይከብደኛል» ሲል ኖሮ እዚህ ሜዳው ላይ ምንም አይልም፣ ኪሎው ግን እንዲያውም ጨምሯል። ነጥቡ ተሻሻለ ተባልን። ይሄ መሻሻል ነው እንዴ?

ሲስተር_ከኮምቦልቻ፦

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። መጠይቁ ትንሽ ርቀት መራመድ ይከብድሃል ወይ ነው የሚለው፣ ደሴ ላይ ትንሽ ርቀት ማለት ዳገት ነው፣ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ዳገት፣ እዚህ ደግሞ የሀረጎን ዳገት ወርደህ ሜዳ ነው። ልጅህ የሚኖረው ኑሮ እውነት ቀሏል፣ ያ ለሱ ጥቅም ነው፣ ግን የህክምናው ውጤት አድርገን መዝገብ ላይ መፃፍ የለብንም። እኔ እንደዚህ አይነት ነገር ሲያጋጥመኝ ጎኑ ላይ «ሰፈር ቀይሯል» ብዬ እፅፋለሁ። ወደዚህ የዞረ፣ ትምህርት ቤት የቀየረ፣ አዲስ ልጅ ቤት የተወለደ፣ አባት ከቤት የወጣ፣ ሁሉንም።

ደግሞ የስሜት ክፍሉን ስታዩ ተጠንቀቁ። ትፈራለህ ወይ፣ እንቅልፍ ታጣለህ ወይ፣ ምን ይደርስብኛል ብለህ ትሰጋለህ ወይ ነው የሚለው። የኛ ልጆች በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ያዩትን አይተዋል። አንድ ልጅ «ሁልጊዜ እፈራለሁ» ሲል ከውፍረቱ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ለምን ትፈራለህ ብሎ መጠየቅ ነው፣ ተኩስ የሚፈራ ልጅ ሌላ እርዳታ ነው የሚያስፈልገው፣ የምግብ ምክር ምንም አያደርግለትም። እኔ የልጁን የዛሬ ነጥብ ከራሱ የድሮ ነጥብ ጋር ነው የማየው፣ ከአሜሪካ ልጅ አማካይ ጋር አላወዳድርም።

ወሎዬዋ፦

ኧረ ሲስተር ቴሌግራም ላይ የሚሸጠው የማክሻ ሻይ ለልጅ ይሆናል ወይ? የእህቴ ልጅ 13 ዓመቷ ነው ልንገዛላት ነበር

ሲስተር_ከኮምቦልቻ፦

አትግዙ። ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም፣ ብዙዎቹ ሆድ የሚያስቀምጡ ናቸው፣ ውሃና ጨው ነው የሚያስወጡት፣ ስብ አይነካም። ለሚያድግ ልጅ አደገኛ ነው። ይዛችኋት ክሊኒክ ኑ።

መምህር_ሸዋበር፦

የኡሙ ሀያትን 40 ነጥብ ሳነብ እኔን የሚመለከት መሰለኝና ነው የምፅፈው። ሁለተኛ ደረጃ ሳይሆን አንደኛ ደረጃ ነው የማስተምረው። ሀኪሞቹ ልጁን በሁለት ወርና በሶስት ወር አንዴ ነው የሚያዩት፣ እኛ በየቀኑ። ማሾፍ የሚባለው ነገር እናንተ እንደምታስቡት ጮክ ያለ ስድብ አይደለም ብዙውን ጊዜ። ዴስኩ ለሶስት ልጅ ነው፣ ሁለቱ ወደ ጥግ ጥግ ጠጋ ይሉና መሃሏ ያለችው «አንቺ ጠበብሽን» ትባላለች፣ ከዛ ከኋላ ብቻዋን ሄዳ ትቀመጣለች፣ መምህር ካየ ደግሞ ራሷ ፈልጋ የሄደች ነው የሚመስለው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁለት አለቆች እየመረጡ ቡድን ሲሰሩ መጨረሻ የሚቀረው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እኔ ይሄን ትቼዋለሁ፣ ቡድን የማወጣው በስም መጥሪያ ተራ ቁጥር ነው፣ ጎዶሎና ሙሉ፣ ማንም ማንንም አይመርጥም። ዴስኩንም እኔ ነኝ የምደለድለው በየወሩ።

እህቴ፣ የልጅሽን የክፍል ኃላፊ ሄደሽ አናግሪ። «ልጄ ታማለችና እዘኑላት» ብለሽ አይደለም፣ ያ ሌላ ችግር ያመጣል፣ ስለ ክብደቷም አታንሺ። የት ነው የምትቀመጠው፣ በእረፍት ሰዓት ከማን ጋር ነው የምትሆነው፣ ይሄን ብቻ ጠይቂ። ጥሩ መምህር ከዚህ ይረዳል።

ሰኞ_ገበያ_ያደግኩ፦

መምህር እርስዎን የመሰለ መምህር ባገኝ ኖሮ። ዴስኩ ልክ ነው፣ ከኋላ ብቻዬን ነበር የምቀመጠው።

የቦርከና_ልጅ፦

የአሜሪካ የህፃናት ሀኪሞች መመሪያ ላይ ህክምናው ከ3 እስከ 12 ወር ውስጥ ቢያንስ 26 ሰዓት ከቤተሰቡ ጋር ፊት ለፊት መገናኘት ነው የሚል አይቻለሁ፣ የ2023 ነው። እኛ ጋ አንድ ቀጠሮ አስር ደቂቃ ነው። ከዛ ላይ ደግሞ መጠይቅ ሲጨመር ጊዜ አይበላም ወይ?

ሲስተር_ከኮምቦልቻ፦

ይበላል፣ አልዋሽህም። ግን ልጁ ወረፋ ሲጠብቅ ነው የሚሞላው፣ ማንበብ የሚችል ልጅ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። እኔ ከዛ ከ23ቱ ውስጥ 25 ወይም 0 የሆኑትን ብቻ ነው ለሀኪሙ ቀለም የማሰምርበት። ያቺን አስር ደቂቃ ስለ ጠቅላላ ምግብ ከማውራት ስለ አንዷ የተሰመረባት ጥያቄ ማውራት ይሻላል፣ 26 ሰዓት ስለሌለን ነው እንዲያውም ይበልጥ የሚያስፈልገን። አንዲት ልጅ «ሰውነትሽን ያምሻል ወይ» ላይ ሁሌ ብላ ሞልታ ነበር፣ ስትጠየቅ ጉልበቷ ነው፣ ሀኪሙ በየቀኑ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ሲላት ከርሟል፣ ጉልበቷ እያመማት እንዴት ትሩጥ? መጀመሪያ ጉልበቷ ታየ፣ ከዛ ነው እንቅስቃሴው የተጀመረው።

ኡሙ_ሀያት (ደሴ፣ ሆጤ)፦

ጀዛኩሙላህ ኸይር ሁላችሁም። ትናንት ማታ እቃ ስናጥብ ጠየቅኳት፣ አባቷ ሱቅ ነበር። ቶሎ አልመለሰችልኝም፣ ሰሃኑን ደጋግማ እያለቀለቀች ቆይታ ከዛ ዩኒፎርሟ ነው አለችኝ። ቀሚሱን ሰፊ እንዲሆን ለብቻ ነው ያሰፋሁላት፣ ጨርቁ ደግሞ ከሌሎቹ ትንሽ ደመቅ ያለ ነው፣ ሰልፍ ላይ ከሩቅ ትለያለች፣ በቀለሙ ስም አውጥተውላታል። ስሙን ልትነግረኝ አልፈለገችም። እሁድ ቀን ሰኞ ገበያ ሰፈር ወርጄ ጨርቁን ከትምህርት ቤቱ ጋር አመሳስዬ እገዛለሁ። የክፍል ኃላፊዋንም መምህር እንዳሉት ስለ ኪሎ ሳላነሳ አናግራለሁ። ባለቤቴን የየክፍሉን ነጥብ ለይቼ አሳየሁት፣ አካል ከ46.9 ወደ 68.75 ያለውን ሲያይ «ለካ ጠዋት ጠዋት ደረጃውን እየሮጠች የምትወርደው» አለ።

ጦሳ_ግርጌ፦

በሚቀጥለው ስትሞሉ ማህበራዊውን ለብቻ እይው፣ ከአምስቱ ጥያቄ የትኛዋ እንደተነቃነቀች። ድምሩን ብቻ ሰምተሽ አትምጪ፣ ወረቀቱን አሳዩኝ በይ። አምስት ጥያቄ ውስጥ ሶስት ካልሞላች ደግሞ ያ ክፍል አይሰላም፣ ከግማሽ በላይ ሲዘለል ነጥብ አይሰጥም፣ ስለዚህ «ይሄን ዝለዪው» የሚላት እንዳይኖር።

ወሎዬዋ፦

ሲስተር የኔ ልጅ 6 ዓመቱ ነው እሱም ወፈር ብሏል፣ ማንበብ አይችልም፣ እኔ ልሙላለት?

ሲስተር_ከኮምቦልቻ፦

አንቺ የራስሽን የወላጅ ቅፅ ትሞያለሽ። ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉት ደግሞ እኛ ነን ጥያቄውን የምናነብላቸው፣ መልሱ ሶስት ፊት ነው፣ የሚስቅ፣ ዝም ያለ፣ ያኮረፈ፣ በጣቱ ይጠቁማል። ያኔ አንቺ ከክፍሉ ወጣ ትያለሽ ምክንያቱም ልጅ የእናቱን ፊት እያየ ነው የሚጠቁመው። ሰኞ ሰው ይበዛል፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ጠዋት አምጪው፣ የክትባት ካርዱንም ይዘሽ ነይ የልደት ቀኑ እዛ ላይ አለ።